የሞት ቅጣትን የሚቃወሙ አዲስ ተሟጋቾችን በጅማ ማሠልጠን፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጅማ ውስጥ ስለ ሞት ቅጣት ሰው ሰብስቦ ማወያየት ያን ያህል አይከብድም። ሰው ይመጣል፤ ይሰማል፤ ይከራከራልም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዳራሽ ውስጥ ራሱን ሲነቀንቅ የዋለ ወጣት ነገ ጎረቤት ቡና ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንዲት እናት "ልጄን የገደለብኝ ሰው ቁርሱን እየበላ ይኑር ነው የምትለኝ?" ብትለው ምን ይመልሳል?

እኔ ሥልጠናን የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው። ሠልጣኙ ስንት አንቀጽ ሸመደደ የሚለው ሁለተኛ ነው። ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጦ፣ ሐዘኗን ሳያቃልል፣ አቋሙንም ሳይደብቅ መነጋገር ይችላል ወይ? ይህን ካልቻለ ጥሩ አንባቢ ነው እንጂ ገና ተሟጋች አልሆነም።

የሕግ ተማሪዎች፣ የሰብዓዊ መብት ክበብ ያላቸው መምህራንና የእድር ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነው፦ አዳራሽ ይዘን የሁለት ቀን ሥልጠና እንስጥ? በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ እንገናኝ? ልምድ ካለው ሰው ጋር እናጣምራቸው? ወይስ ኦንላይን ያለውን ትምህርት እንከታተል? አራቱንም እዚህ አነጻጽራለሁ። ምርጫዬን ግን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው የጅማ ቡድን የሚሻለው በየሳምንቱ የሚገናኝ ትንሽ ቡድን ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ቦታ አላቸው፤ ግን ብቻቸውን ሰው አያወጡም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ መጀመሪያ ይህን ያስይዙ

አዲስ ተሟጋች ቶሎ የሚወድቀው የራሱን አገር ሁኔታ አጣሞ ሲናገር ነው። አንዱ "ኢትዮጵያ የሞት ቅጣትን ትታለች" ይላል። ሌላው "በየዓመቱ እየተፈረደ ሰው ይገደላል" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 15 በሕይወት የመኖር መብትን ያስቀምጣል፤ በሕግ ለተወሰነ ከባድ ወንጀል ቅጣት ሲሆን ግን በር ይከፍታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን በር በአንቀጽ 117 ያጠብበዋል። ወንጀሉ ተፈጽሞ ያለቀና እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለይ አደገኛ መሆን አለበት። ቅጣት ማቅለያ ምክንያት ካለ አይፈረድም። ወንጀሉ ሲፈጸም 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ አይፈረድም። ፍርዱ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። በአደባባይ በስቅላት መግደልም ክልክል ነው። ከባድ የግፍ አገዳደልን የሚመለከተው አንቀጽ 539 ደግሞ ከዕድሜ ልክ እስራት ጋር ሞትን እንደ አማራጭ ያስቀምጣል።

አፈጻጸሙ ሌላ ታሪክ ነው። ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በፍርድ ቤት ተወስኖ በይፋ የተፈጸመው የሞት ቅጣት ሁለት ነው። አንዱ በ1990 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ኃየሎም አርአያን በገደለው ሰው ላይ። ሌላው በ1999 ዓ.ም.፣ የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን በገደለው ሻለቃ ላይ። ፍርድ ቤቶች ግን ከዚያም በኋላ የሞት ፍርድ መስጠታቸውን አላቆሙም። ስለዚህ ተፈርዶባቸው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ዘመቻው የሚያነጣጥረውም እዚህ ላይ ነው፦ ከ1999 ወዲህ በተግባር የቆመው ነገር በሕግም ይቁም።

ሠልጣኞቻችሁ ሊያውቁት የሚገባ አንድ የአገር ውስጥ ምሳሌ አለ፤ ከውጭ አገር ምሳሌ ሁሉ ይበልጣል። በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቀየሩት። ከዚያ በፊት ምሕረት እንዲደረግ የጠየቁት የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን የሃይማኖት መሪዎች ነበሩ። እነዚህ ባለሥልጣናት የተከሰሱበት ነገር ቀላል አልነበረም። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሽኗል። ቀይ ሽብር ከዚያ ቀጠለ። ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለ ደም ያየች አገር "አንገድልም፣ እናስር" ማለት ከቻለች፣ ክርክሩ ከውጭ የመጣ አይደለም።

አፍሪካንም ያንሱ። ጎረቤታችን ጅቡቲ የሞት ቅጣትን እ.ኤ.አ. በ1995 ሰርዛለች። ኬንያ በሕጓ ይዛዋለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ ግን ማንንም አልገደለችም። ሩዋንዳ ከዘር ማጥፋቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሰርዛለች። ሴራሊዮን በ2021፣ ዛምቢያ በ2022 መጨረሻ፣ ዚምባብዌ በ2024 መጨረሻ ተከትለዋል። "ይህ የነጮች ሐሳብ ነው" ለሚል ሰው ይህ ዝርዝር በቂ ነው። የሩዋንዳውን በተለይ ረጋ ብላችሁ ተናገሩት፤ ሰው ዝም ብሎ ያስብበታል።

የሁለት ቀን የአዳራሽ ሥልጠና

ሁላችንም የምናውቀው ይህ ነው። ፕሮጀክተር፣ ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከር፣ የሻይ ሰዓት፣ ምሳ፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬትና ፎቶ።

ጥቅሙን አልክድም። ከላይ ያለውን የሕግ ነገር ለ40 ሰው በአንድ ጠዋት ማድረስ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጋዜጠኛ፣ ሼኽና ቄስ በአንድ ክፍል ለማስቀመጥም ከዚህ የተሻለ የለም። የጅማ ሰው ደግሞ ይፋ የሆነ ነገርን ያምናል። ደብዳቤ ተጽፎ፣ ቀበሌው አውቆ፣ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ወይም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የጅማ ጽሕፈት ቤት ተወካይ መጥቶ የተከፈተ ስብሰባ ጥርጣሬን ይቀንሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አስወጥቷቸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ቢተካውም፣ የዚያ ዘመን ፍርሃት ትልልቅ ሰዎች ላይ ገና አልለቀቀም። "ማን ላካችሁ?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይፋዊ መክፈቻ ይህን ቀድሞ ይመልሳል።

ጉድለቱ ልምምድ የለውም። አሠልጣኙ ያወራል፤ ሠልጣኙ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ቡድን ሥራ ይሰጣል፤ ከየቡድኑ አንድ ደፋር ሰው ተነሥቶ ያቀርባል፤ ሌላው ያጨበጭባል። በሁለተኛው ቀን ማታ ሁሉም ይበተናል። ያቺ እናት የጠየቀችውን ጥያቄ ማንም ፊት ለፊት አልተጋፈጠም።

አበልም አለ። ስለ አበል በግልጽ መነጋገር ይሻላል። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ለሚመጣ ሰው ትራንስፖርቱን መሸፈን ግዴታ ነው፤ ድሃ ሰው በኪሱ እየከፈለ ይሠልጥን ማለት ግፍ ነው። ከትራንስፖርትና ከምሳ የሚያልፍ አበል ግን ለአበል የሚመጣ ሰው ይጠራል። ያ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ኑሮው ነው። ሆኖም ዘመቻችሁ በእሱ ላይ አይቆምም።

አዳራሹን ከመረጣችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ሰርተፊኬቱን በሁለተኛው ቀን አትስጡ። ሠልጣኙ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ውይይት መርቶ፣ የተጠየቀውንና የመለሰውን በአንድ ገጽ ጽፎ ሲያመጣ ስጡት። የሚመለሱት ጥቂት ናቸው። ዘመቻውን የሚይዙት ግን እነሱ ናቸው።

በየሳምንቱ የሚገናኝ ትንሽ ቡድን

ከ8 እስከ 12 ሰው፣ ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት። ቦታው የአንዱ ቤት ሳሎን፣ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የእድር ቤት ሊሆን ይችላል። ወጪው ቡና፣ ቆሎና ለራቀ ሰው የባጃጅ ሒሳብ ነው። ከ12 ሰው በላይ አትውሰዱ፤ አሥራ ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ዝም የሚሉት ይበዛሉ።

የጅማን የጊዜ አቆጣጠር አክብሩ። ዓርብ ቀትር አይሆንም። እሑድ ጠዋት አይሆንም። ሐሙስ ገበያ ያለበት ሰው ሐሙስ አይመጣም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ብዙ ወጣት በርጫ ላይ ነው፤ ያንን ሰዓት ከመታገል ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጀመር ይሻላል። ሴቶች የሚመጡት ከመሸ በፊት ቤታቸው መድረስ ሲችሉ ነው። ይህን ያላሰበ ቡድን በሦስተኛው ሳምንት ወንዶች ብቻ ይቀሩታል።

የመጀመሪያውን ሳምንት በሕግ አትጀምሩ። በሟች ጀምሩ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በአካባቢው የሚያውቀውን አንድ ግድያ፣ ስም ሳይጠራ፣ ከተጎዳው ቤተሰብ አንጻር ይናገር። ቤተሰቡ ምን አጣ? ማን ጠየቃቸው? ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ምን ገጠማቸው? ብዙ ጊዜ የሚወጣው ነገር የሚያስገርም ነው። ቤተሰቡ ከገዳዩ ቅጣት ይልቅ ያሳመመው ቀጠሮ እየተባለ መጉላላቱ፣ ምስክር መጥፋቱ፣ ልጆቹን የሚያሳድግ አለመኖሩ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያልሰማ ተሟጋች ለገዳይ የቆመ ይመስላል። የሰማ ግን "የእናንተን ጉዳት ረስቼ አይደለም የመጣሁት" ለማለት አፉን ሞልቶ ይችላል።

ሕጉን በሁለተኛው ሳምንት አስገቡ። ቀጥሎ ስህተት ስለሚባለው ነገር ተወያዩ። እዚህ ላይ የጃፓኑን ኢዋኦ ሃካማዳ ታሪክ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሞት ተፈረደበት። እስከ 2014 ድረስ፣ ማለዳ ማለዳ ዛሬ ይሆን እያለ፣ እስር ቤት ኖረ። በመስከረም 2024 በ88 ዓመቱ ነፃ ነህ ተባለ። አሜሪካ ውስጥም ከ1973 ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነፃ የወጡ ሰዎች 200 ደርሰዋል። ከዚያ ሠልጣኞቹን ይህን ጠይቁ፦ ገንዘብና ቴክኖሎጂ ያላቸው አገሮች ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት በሚዘገይበት፣ ጠበቃው ብዙ መዝገብ በተሸከመበት ቦታ ምን ሊፈጠር ይችላል? ፍርድ ቤቱን እየሰደቡ እንዳይናገሩ ግን ተጠንቀቁ። ዳኛ ሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል። የሞት ቅጣት ግን አይታረምም። እስከዚህ ድረስ በቂ ነው።

"የሞት ቅጣት ከሌለ ወንጀል ይበዛል" የሚለውን ክርክር በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት አንሡት። አዲስ ሰው እዚህ ጋ ያጋንናል። "ወንጀል እንደማይቀንስ ተረጋግጧል" ይላል። ልኩ ይህ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ዘገባ የደረሰበት ድምዳሜ፣ እስከዚያ የተሠሩት ጥናቶች የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለውን ሊመልሱ አይችሉም የሚል ነው። ስለዚህ ተሟጋቹ የሚለው "ያስፈራል ብለን የምንገድልበት ማስረጃ በእጃችን የለም" ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በትክክለኛው ቃል የተናገረ ሰው በኋላ አይያዝም።

የቡድኑ ዋና ሥራ ከአምስተኛው ሳምንት ይጀምራል። ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ሐዘንተኛ ይሁን፣ አንዱ ተሟጋች፣ ሦስተኛው ወረቀት ይዞ ያዳምጥ። ደንቡ አንድ ነው፦ ተሟጋቹ አፉን በክርክር አይከፍትም። መጀመሪያ "እግዜር ያጥናዎት" ወይም "አላህ ሰብሩን ይስጥዎ" ይላል፤ ከዚያ ስለ ሟቹ ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። አዳማጩ ተሟጋቹ ስንቴ እንዳቋረጠ ይመዘግባል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ያቋርጣል። ወጣቶች መልሱን ስለሚያውቁት ለመናገር ይቸኩላሉ። በሦስተኛው ዙር ድምፃቸው ራሱ ይለወጣል። ይህን ለውጥ አዳራሽ ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ለልምምድ የሚሆኑ ከባድ ጥያቄዎችን ከሰፈር ሰብስቡ። እኔ ከሁሉ የሚከብዱኝ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው "ሕፃን ልጅ ደፍሮ የገደለ ሰውስ?" የሚለው ነው። በየጊዜው እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ አገሩ ሁሉ "ስቀሉት!" ይላል፤ ቁጣው ደግሞ እውነተኛ ነው። ለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚበቃ መልስ የለም። ሠልጣኙ ቁጣውን እንደሚጋራ መናገር፣ ሰውየው ከኅብረተሰቡ ተለይቶ መታሰር እንዳለበት ማመኑን በግልጽ ማስቀመጥ፣ ከዚያ "የምንለያየው መግደል ላይ ብቻ ነው" ማለት መቻል አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ በዚህ ዘመን በኦሮሚያ የትም ብትሄዱ ይጠብቃችኋል፦ "ያለ ፍርድ ስንት ሰው እያለቀ፣ እናንተ ተፈርዶበት ስለታሰረው ታወራላችሁ?" ይህን ጥያቄ ማንም እንዳያጣጥለው። የሚጠይቀው ሰው ምናልባት ወንድሙን ቀብሮ የመጣ ነው። እኔ የምመክረው መልስ እንዲህ ነው፦ የሰው ሕይወት በማንም እጅ ርካሽ መሆን የለበትም፤ ሕጉ ራሱ መግደልን ሲተው፣ ያለ ሕግ የሚገድልን ሰው ለመጠየቅ አፋችን ይበልጥ ይከፈታል። ይህም መልስ ሁሉን ሰው አያሳምንም። ግን ከልብ ነው፤ ከሽሽት ይሻላል።

የዚህ መንገድ ጉድለት ጽናት መጠየቁ ነው። ሰው ይታመማል፤ ፈተና ይደርሳል፤ ለቅሶ ይመጣል። ከ12 ጀምራችሁ በ7 ብትጨርሱ አትደንግጡ። አስተባባሪው ግን አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሱ የታመመ ቀን ሁሉም ይቆማል። ከመጀመሪያው ቀን ሁለት አስተባባሪ ይኑር፤ ቢቻል አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፤ አንድ ሙስሊም፣ አንድ ክርስቲያን።

ልምድ ካለው ሰው ጋር ማጣመር

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። መክፈል ለማይችል ሰው ምክር ይሰጣሉ፤ አቤቱታ ይጽፋሉ። አንድ አዲስ ተሟጋች በእንዲህ ያለ ቦታ ወይም ከአንድ ተከላካይ ጠበቃ ጎን ለተወሰነ ጊዜ ቢቀመጥ፣ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያያል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ሲኖር መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል ይላል። ያ ጠበቃ ከደንበኛው ጋር ስንት ደቂቃ እንደሚያወራ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ችሎት መከታተልም ጥሩ ትምህርት ነው። የወንጀል ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስልክ ይጥፋ፤ ቀረጻ አይኑር፤ ልብስም ይስተካከል። ሲወጡ ከሟች ወገን ጋር በር ላይ ቢገናኙ ክርክር አይጀምሩ። ለቅሶ ቤት ውስጥም እንዲሁ። ስለ ሞት ቅጣት ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚቀሰቅስ ሰው በዚያ ሰፈር ሁለተኛ አይሰማም፤ መሰማትም የለበትም።

ይህ መንገድ ለሕግ ተማሪ ከሳምንታዊው ቡድን ሊበልጥ ይችላል፤ ሕጉን ያውቀዋልና የጎደለው ሰው ማየት ነው። ለሌላው ግን ብቻውን አይበቃም። የሚያስተናግዱት ቁጥርም ውስን ነው፤ አንድ ጠበቃ ከሁለት ሰው በላይ ቢያስከትል ሥራው ይበላሻል። ማረሚያ ቤት ጉብኝትን ለአዲስ ሰው አልመክርም። ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ታሳሪው የሥልጠና ማሳያ አይደለም። ለመርዳት የሚሄድ ይሂድ። ለማየት ብቻ የሚሄድ ይቅር።

ኦንላይን

ዋጋው ትንሽ ነው፤ ይዘቱም ጥሩ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሰብዓዊ መብት ትምህርቶችን በነፃ ያቀርባል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፀረ ሞት ቅጣት ጥምረት በየዓመቱ የዘመቻ ጽሑፎችን ያወጣል። አብዛኛው ግን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፉ ደግሞ የዙም ስብሰባ ግማሹን ሰው ያጣል፤ የዳታ ፓኬጁም ከተማሪ ኪስ ነው የሚወጣው።

ኦንላይኑን ለአስተባባሪዎቹ ተዉት። እነሱ አንብበው፣ አሳጥረው፣ ከአገሩ ሁኔታ ጋር አያይዘው ለቡድኑ ያምጡ። ቴሌግራም ቀጠሮና ፋይል መላላኪያ ይሁን እንጂ መከራከሪያ አይሁን። ስለ ሞት የሚደረግ ክርክር በጽሑፍ ሲሆን ቶሎ ይመርራል፤ ስክሪንሾቱም ከአውዱ ወጥቶ ይዞራል።

ቋንቋና ሃይማኖት

ቡድኑን በአማርኛ ወይስ በአፋን ኦሮሞ? ከተማው መሐል፣ መርካቶና ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ በአማርኛ ብትሠሩ ሁሉም ይግባባል። ወደ ማና፣ ጎማ ወይም ሊሙ የሚወጣ ተሟጋች ግን በአፋን ኦሮሞ መለማመድ አለበት። ቋንቋውን መቻሉ ብቻ አይበቃም፤ የሐዘንተኛውን ልምምድ በዚያው ቋንቋ መሥራት አለበት። በአንዱ ቋንቋ የለመደውን ማጽናናት በሌላው ሲፈልገው አያገኘውም። ቡድኑ ድብልቅ ከሆነ ሕጉን በአማርኛ፣ ልምምዱን በየአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጉት።

ሃይማኖትን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ጉዳዩን በሕግና በመብት ብቻ ይዞ ሃይማኖትን አለመንካት ነው። ሁለተኛው ገና ከመጀመሪያው የሃይማኖት አባቶችን ማማከር ነው። ለጅማ ሁለተኛው ይሻላል። ብዙው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ በቁርኣን ቂሷስ፣ ማለትም ለግድያ የሚደረግ ተመጣጣኝ ቅጣት፣ እንዳለ ያውቃል። ይህን ያላወቀ ተሟጋች ሲናገር እምነቱን የተቃወመ ይመስላል። ያው የአል በቀራ 178ኛ አንቀጽ ግን የሟች ወገን ይቅር ቢል ካሳን በመልካም መቀበልን ያስቀምጣል፤ ይህንንም ከጌታ የሆነ ማቅለልና እዝነት ይለዋል። ይህን የሚያስረዳው ሠልጣኙ አይደለም፤ ሼኹ ናቸው። ሠልጣኙ ሼኹን ጋብዞ ማዳመጥ ነው ያለበት። በክርስቲያኑም በኩል እንዲሁ፤ ቄሱ ይናገሩ።

የኦሮሞ ሽማግሌዎችንም አትርሱ። በጉማ ሥርዓት ደም ሲፈስ ሁለቱን ወገን አስታርቆ ካሳ አስከፍሎ በቀልን ማቆም የኖረ ነገር ነው። ጉማ የመንግሥትን ፍርድ አይተካም፤ ጥያቄ የሚነሣበት ጎንም አለው፤ በተለይ ሴቶች በካሳው ውስጥ ድምፃቸው አለመሰማቱ። ሆኖም አንድ ሽማግሌ "እኛ ደም የምናደርቀው በእርቅ ነው" ሲሉ፣ ከአሠልጣኝ የአንድ ቀን ንግግር የበለጠ ክፍሉ ይሰማቸዋል።

እንግዲህ የትኛውን?

ገንዘብም ጊዜም ካላችሁ አዳራሹን ለመክፈቻ አንድ ቀን ብቻ ተጠቀሙ፤ የቀረውን ገንዘብ ለስምንቱ ሳምንት ቡናና ትራንስፖርት አድርጉት። ገንዘብ ከሌላችሁ አዳራሹን ዝለሉት፤ ቀበሌውን በደብዳቤ አሳውቃችሁ በቀጥታ በቡድኑ ጀምሩ። ሁላችሁም የሕግ ተማሪዎች ከሆናችሁ ቡድኑን አራት ሳምንት አድርጋችሁ የቀረውን በሕግ ድጋፍ ማዕከል አሳልፉ። የእድር ሰዎች ከሆናችሁ ሕጉን አሳጥሩ፤ የሃይማኖት አባቶችንና የሽማግሌዎችን ሳምንት ጨምሩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሆኑ ወላጅ ሳያውቅ አትጀምሩ፤ የሐዘንተኛውንም ልምምድ ቀለል አድርጉት። ልጆቹ መሐል በቤቱ ሰው የተገደለበት ሊኖር ይችላል። ቀድማችሁ ለብቻ ጠይቁ፤ መውጣት ከፈለገም ያለ ማብራሪያ ይውጣ።

የማብቂያውን ቀን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ቡድን ያለ ቀን አይጸናም። ሁለት ቀን ለምርጫ አለ። የዓለም ፀረ ሞት ቅጣት ቀን ኦክቶበር 10 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 30 ይውላል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል። ሁለተኛው ኖቬምበር 30፣ ማለትም ኅዳር 21 አካባቢ ነው። በዚያ ቀን የዓለም ከተሞች ሕንፃዎቻቸውን አብርተው የሞት ቅጣትን ይቃወማሉ። ቀኑ የተመረጠው በዛሬዋ ጣሊያን ያለችው ቶስካና እ.ኤ.አ. በ1786 የሞት ቅጣትን የሰረዘችበት ስለሆነ ነው።

ለከተማ ነዋሪ ቡድን መስከረም 30 ይሻላል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተጀምሮ በክረምቱ ይሠራል፤ ዝናቡ ቢያስቸግርም ሰው ከተማ ውስጥ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ያ ጊዜ ካምፓሱ የሚሳሳበት ነው፤ እነሱ ከገቡ በኋላ ጀምረው ኅዳር 21ን ይያዙ። ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል መሆኑን አስታውሱ፤ ኦርቶዶክስ ሠልጣኞች ጠዋቱን ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ዝግጅቱ ከሰዓት ይሁን። ከቡና አምራች ወረዳዎች የሚመጡ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው፤ ሁለቱም ቀን አይመቻቸውም። ለእነሱ ጥር አጋማሽ ላይ ጀምሩ፤ ቡናው ገብቶ እጃቸው ሲያርፍ።

ዝግጅቱን ከአዳራሽ አውጥታችሁ አደባባይ ላይ ለማድረግ ካሰባችሁ፣ በ1983ቱ የሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ አዋጅ መሠረት ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስጡ፣ ሁለተኛው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ማኅተም አስደርጋችሁ አስቀምጡ። ይህን ሥራ ለአስተባባሪው አትተዉት፤ ለአንድ አዲስ ሠልጣኝ ስጡት፤ አብሮትም አንድ ሰው ይሂድ።